ትል ያበላሁበት ፍልሰታ

ሥራ የለቀቅኩ ዕለት ኩባንያው ኬክ ቆረሰልኝ፣ አበባ የተተከለበት ሸክላ ሰጠኝና በሰላም ሂጂ አለኝ። ሸክላውን ታቅፌ አውቶቡሱ ውስጥ ስቀመጥ ከጎኔ ያለው ወንበር እንደ ወትሮው ባዶ ነበር። በዚህ ማንንም አልቀየምም። ትል የሚያረባ ሰው ጠረኑ አብሮት ይሄዳል፤ ሳሙናም ሎሚም አያስለቅቀውም። ሮም ዳር፣ አናኚና አካባቢ ካለችው አንድ ክፍል ቤቴ ገባሁ፣ ሸክላውን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩ፣ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ለዓመታት ጆሮዬ አንድ ድምፅ ለምዷል፤ ሺህ በሺህ እጭ ፉርሽካ ሲበላ የሚያሰማው፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ያለ ድምፅ። ቤቴ ውስጥ ያ ድምፅ የለም። ብቻዬን መሆኔ በደንብ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ስሜ የሺመቤት ነው፤ የሺ ይሉኛል። ሮም የመጣሁት እንደ ብዙዎቻችን ሰው ቤት ልሠራ ነው። አሮጊት አጥቤ፣ አሮጊት አጉርሼ፣ አሮጊት ቀብሬ፣ ይኸው ራሴም አሮጊት ሆንኩ። ስለዚያ ዘመን ብዙ አልጽፍም፤ ከኔ የበለጠ የሚያውቁት ሞልተዋል። ደመወዙም ወረቀቱም የሁላችንም አንድ ነው። ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ለማሳደስ የተሰለፍኩበት ጊዜ ቢደመር አንድ ልጅ ያሳድጋል። እኔ ግን ልጅ የለኝም፤ ሰልፉ ብቻ ነው የቀረልኝ።

የመጨረሻዋ የጠበቅኳቸው ሴትዮ ሲሞቱ ወንድማቸው ሲኞር አቲሊዮ ለቀብር መጡ። ዕድሜ ልካቸውን የዶሮ መኖ ሲፈጩ የኖሩ፣ ቀጭን፣ ትከሻቸው ላይ ሁልጊዜ ዱቄት የማይጠፋ ሽማግሌ ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወይን ከሚበቅልበት ኮረብታ ሥር ትንሽ ወፍጮ ነበራቸው። ከቀብር ስንመለስ መኪናው ውስጥ ድንገት ጠየቁኝ።

«እህቴ እንደነገረችኝ አባትሽ ዶሮ እርባታ ይሠሩ ነበር።»

«አዎ፣ ቢሾፍቱ። እኔም እንቁላል እየለቀምኩ ነው ያደግኩት።»

«ትል ትፈሪያለሽ?»

«ሲኞር፣ እህትዎን ሦስት ዓመት ያጠብኩ ሰው ነኝ። ከእንግዲህ ምን ያስፈራኛል?»

ሳቁ። በሳምንቱ የሥራ ኮንትራቶ ይዘው መጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የነፍሳት ዱቄት ለዶሮ መኖ እንዲውል ሕጉ የፈቀደው በቅርቡ ነበር። አቲሊዮ ደግሞ ለዓመታት ያንን ሲጠብቁ ኖረዋል። «አኩሪ አተሩ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል፤ የዓሣ ዱቄቱ ባሕሩን አራቁቶ ይመጣል። አሎራ፣ እንግዲህ ዶሮዋን ራሷን ብንጠይቃት ምን ትለናለች?» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። «ትል» አልኳቸው። የጓሯችን ዶሮዎች አፈር ሲጭሩ የሚፈልጉት ምን እንደሆነ ለቢሾፍቱ ልጅ አይነገራትም። «ብራቫ!» ብለው ጭንቅላቴን ዳበሱኝ፤ ስድሳ ዓመት ያለፈኝን ሴትዮ።

የምናረባው ጥቁር ዝንብ ነው፤ ጣሊያኖቹ ወታደር ዝንብ ይሉታል። ቆሻሻ ላይ ከሚያርፈው ዝንብ ጋር አይገናኝም። ከወጣ በኋላ አይበላም፤ በእጭነቱ ያከማቸውን እየቆጠበ ጥቂት ቀን ኖሮ ይሞታል። ጾመኛ ዝንብ ነው ብዬ እቀልድ ነበር። ፀሐይ ካላየ አይራባም፤ ስለዚህ ዝንቦቹ የሚኖሩበት የመረብ ቤት የሚቆመው በመስታወት ጣሪያ ሥር ነው። ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው ስንጥቅ ውስጥ ስለሆነ ጠባብ ክፍተት ያላቸው የተደራረቡ ጣውላዎች እናስቀምጥላታለን፤ በማግስቱ በስለት ጫፍ ቀስ ብለን እንፍቃለን። በጣም ካጠበቅሽ ይፈርጣል፤ በጣም ካላላሽ ግማሹ ይቀራል። እጄ ለመደው። ለአሮጊት ጥፍር ስቆርጥ የኖረ እጅ ነዋ።

ከዚያ በኋላ ያለው ማብላት ነው። ፉርሽካ፣ ከአትክልት ማሸጊያ የሚመጣ የካሮትና የሰላጣ ተረፍ፣ ውኃው በልክ። ሲበዛ ይታፈናሉ፣ ሲያንስ ይደርቃሉ። ሲጠግቡ ሳጥኑ ይሞቃል፤ እጅሽን ስታስገቢ ትኩሳት እንዳለበት ሕፃን ይፋጃል። ሲያድጉ በወንፊት ይነፋሉ፣ ይደርቃሉ፣ ዘይታቸው ይጨመቃል፣ ይፈጫሉ። ዱቄቱ ቡና ዓይነት ቀለም አለው፤ የተቆላ ለውዝ ይሸታል። ለአንድ የእንቁላል ዶሮ አርቢ ነበር የምንሰጠው። መጀመሪያ ቀን ዶሮዎቹ ገንዳው ላይ የተጋፉትን መጋፋት ሳይ አባቴን አስታወስኩና ዓይኔን ውኃ ሞላው። እሱ ቢያየው ምን ይል ነበር አልኩ።

አቲሊዮ ሦስት ልማድ ነበራቸው። ጠዋት ሲገቡ ከማንም በፊት ለሳጥኖቹ ቦን ጆርኖ ይላሉ። ቀጥሎ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ሳጥኑ ላይ ይደፋሉ፤ በድምፁ ብቻ የቱ እንደራበው፣ የቱ እንደረጠበበት ያውቃሉ። «ዓይን ይሸወዳል፣ ጆሮ አይሸወድም» ይሉኝ ነበር። በዓመቱ እኔም ቻልኩበት።

ሦስተኛው የመዝገቡ ነገር ነው። እያንዳንዱ ሳጥን ምን እንደበላ፣ ከየት እንደመጣ በእርሳስ ይጻፋል። ስሕተት ከተጻፈ ማጥፋት የለም። ላጲስ የሚባል ነገር ወፍጮው ውስጥ አይገባም። ስሕተቱ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ይሰመራል፤ የታችኛው ቃል እንዲነበብ ሆኖ። ከጎኑ ትክክለኛው ይጻፋል፣ ያረመው ይፈርማል። ከዚያ ያየ ሌላ ሰው «ቪስቶ» ብሎ ይፈርማል፤ አይቻለሁ ማለት ነው። እርማት ያለ ምስክር አይቆጠርም። «ሰው ይሳሳታል፤ ተሳስቶ የሚደብቅ ግን መኖ መፍጨት የለበትም» ይሉ ነበር።

እኔ ግን ደባቂ ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያን ለሚያውቁኝ የዶሮ መኖ ቤት ነው የምሠራው እላለሁ እንጂ ትል የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም። እኛ ዘንድ ትል የሬሳ ነው፣ የቁስል ነው። ትል አርቢ ነኝ ብል ማን ይስመኛል? ሰላምታ ላይ እጄን ቶሎ እሰበስባለሁ፤ ከቅዳሴ በኋላ ጥግ እይዛለሁ። የምቀርባቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እትዬ አስካለ። ከኔ በጥቂት ዓመት ይበልጣሉ፣ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ አጠገብ አንዲት ሴትዮ ይጠብቃሉ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ኩሽና ደግሞ በሳቸው እጅ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ሁለታችንም ስለምናርፍ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ተገናኝተን ሻይ እንጠጣለን። ጠረኔን አንድ ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። አፍንጫቸው ደህና ነው፤ ዝም ያሉት ለኔ ብለው ነው።

እንግዲህ ወደዚያ ነሐሴ ልምጣ። አቲሊዮ ዳሌያቸውን ሊታከሙ ሆስፒታል ገቡና ወፍጮውን ለኔ ተዉልኝ። በነሐሴ ሮም ትዘጋለች፤ ለፌራጎስቶ፣ ለበጋው የዕረፍት በዓል፣ ፉርሽካ አምራቹም አትክልት አሻጊውም በራቸውን ዘግተው ባሕር ይወርዳሉ። ከመዝጋታቸው በፊት ትልቁን ጭነት ማዘዝ የኔ ሥራ ነበር። ፍልሰታ ገብቶ ቅዳሴ እንዳያመልጠኝ ስሮጥ ነገ እደውላለሁ አልኩ። በማግስቱ ስደውል ስልኩ ሙዚቃ ይዘፍናል። ሌሎችም ጋ ሞከርኩ፤ ሁሉም ይዘፍናል።

እጮቹ በጣም በሚበሉበት ዕድሜ ላይ ነበሩ። የራበው እጭ ሳጥን አይዘውም፤ ግድግዳውን ይዞ ይወጣል። ጠዋት ስገባ መሬቱ ይንቀሳቀሳል። ጆሮዬን ብደፋ ካፊያው ቀርቷል። ለአቲሊዮ ደውዬ ጥፋቴን መናገር ነበረብኝ። ታመዋል፣ አላስጨንቃቸው ብዬ ተውኩት። ውሸቴን ነው፤ ያፈርኩት ለራሴ ነው።

በዚያ ቀን ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ተርፎ ነበር። እትዬ አስካለ ድስቱን ይዘው ወዲያና ወዲህ ይላሉ። በተባረከ ቀን የተሠራ ምግብ ወደ ቆሻሻ መጣል ለሳቸው ሞት ነው።

«እኔ ልውሰደው?» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። «ለሰላም ፓላስ ሰዎች ነው? ውይ የኔ እናት፣ አንቺ እኮ ሰፈርሽ ነው! እግዜር ይስጥሽ።»

ሰላም ፓላስ እኛ ሰፈር ያለ፣ የሀገራችንና የጎረቤቶቻችን ስደተኞች የሚኖሩበት ትልቅ ሕንፃ ነው። አይደለም ማለት አንድ ቃል ነበር። አላልኩም። ድስቱን ተቀበልኩና ሜትሮ ገባሁ።

ለራሴ የነገርኩትን ልናገር። ሕጉ ለእጭ ሥጋ፣ ዓሣ፣ የእንስሳ ነገር አይግባ ይላል። የኛ ጾም ደግሞ ወተትና ቅቤ እንኳ አያስገባም። ከፍልሰታ ምግብ የነጻ መኖ ከየት ይመጣል? እንዲያውም ኮራሁ። በርበሬውንና ጨውን በወንፊት አጠብኩ፣ የቀረችኝ ፉርሽካ ላይ ለወስኩ፣ ለሳጥኖቹ አከፋፈልኩ። ካፊያው ተመለሰ። ደስ አለኝ። መዝገቡ ላይ «የጾም ምግብ፣ ከቤተ ክርስቲያን» ብዬ ጻፍኩ። መደበቅ ስሕተት ነው ተብያለሁና ጻፍኩት።

በማግስቱ እትዬ አስካለ ሁለት ድስት ሰጡኝ። በሦስተኛው ቀን ሦስት። «በዛ እኮ» ብላቸው፣ «ይብዛ! እነዚያ ልጆች የእናት እጅ ካዩ ስንት ጊዜያቸው ነው?» አሉኝ። አውቀው አብዝተው እየሠሩ ነበር። ያኔም ዝም አልኩ። ፍልሰታው እስኪፈታ ድረስ ተሸከምኩ። እጮቹ እንደዚያ ወፍረው አይቼ አላውቅም።

መስከረም ላይ የጤና ቢሮው የእንስሳት ሐኪም ለቁጥጥር መጣች። ትሕትና ያላት ልጅ ናት። መዝገቡን ስታገላብጥ እዚያ ገጽ ላይ ቆመችና ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ኮርቼ አስረዳኋት፤ ሥጋ የለበትም፣ ቅቤ የለበትም፣ ከናንተ ሕግ የኛ ይጠብቃል አልኳት። ረጋ ብላ ሰማችኝና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ሲኞራ፣ ጥያቄው ውስጡ ምን አለ አይደለም፤ ከየት መጣ ነው። ከኩሽና የተረፈ ነገር በሙሉ ክልክል ነው። ያ ድስት ከጾሙ በፊት ምን ተሠርቶበት ነበር?»

ትዝ አለኝ። በዚያ ድስት ለቅበላ የተሠራው ዶሮ ወጥ ነበር።

የዚያ ወር እጭ ሁሉ ተቃጠለ። የተሸጠው ዱቄት ተመለሰ፤ የበሉት ዶሮዎች እንቁላልም ተደፋ። አርቢው ሁለተኛ እንዳትደውሉልኝ አለ። አቲሊዮ በምርኩዝ መጡ፣ መዝገቡን ከፈቱ፣ ረጅም ጊዜ አዩት። እንዲጮሁብኝ እየጠበቅኩ ነበር። እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አወረዱና ከጻፍኩት ጎን «በእኔ ትእዛዝ» ብለው ጻፉ፣ ፈረሙ፣ እርሳሱን ለኔ ዘረጉ።

«ቪስቶ በዪ።»

«ሲኞር፣ እርስዎ እኮ አላዘዙኝም።»

«ወፍጮው የኔ ነው። አንቺ ለጡረታሽ ጥቂት ነው የቀረሽ፤ እንዲህ ያለ ነገር በስምሽ ከተጻፈ ማን ይቀጥርሻል? ፈርሚ።»

ፈረምኩ። ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ ፈረምኩ። በዚያ መዝገብ ውስጥ ያለች አንዲት ውሸት እሷ ናት፤ ያስገባኋትም እኔ ነኝ።

በዚያው ሰሞን እሑድ እትዬ አስካለ ሰላም ፓላስ ከሚኖሩ ሴቶች አንዷን አግኝተው ምግቡ ደረሳችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። የቱ ምግብ አለቻቸው። ወደኔ መጡ።

«የት ነው ያደረስሽው?»

«ለዶሮ ሰጠሁት» አልኳቸው። አሁንም ትል የሚለው ቃል አልወጣ አለኝ።

«ለዶሮ» አሉ። ዞረው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ከሩቅ ራስ መነቅነቅ ብቻ ሆነ። ሐሙስ ከሰዓት የት እንደምሄድ ጠፋኝ። አንዳንዴ ወፍጮው ባዶ ሳለ ሄጄ ሳጥኖቹ አጠገብ እቀመጥ ነበር።

በመኖ ነጋዴው ዘንድ አቲሊዮ ፉርሽካ ለመቆጠብ ቆሻሻ አበላ የሚል ወሬ ተነዛ። ሃምሳ ዓመት በንጽሕና የፈጩ ሰው። ብዙም ሳይቆይ ወፍጮውን ለአንድ ኩባንያ ሸጡ፤ እኔን እንዳያባርሩኝ አስፈርመው ነው የሸጡት። ኩባንያው ሁሉንም በማሽን አደረገው። ሙቀቱን መለኪያ ያነባል፣ ውኃውን ቧንቧ ይሰጣል፣ ጆሮውን የሚደፋ የለም። እኔ እየደፋሁ ሲያዩኝ ወጣቶቹ ይሣሣቁ ነበር። ባለፈው ዓመት ክረምት አቲሊዮ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት መኖ ነጋዴዎች ያንኑ ወሬ ተንሾካሾኩ። ዞር ብዬ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አልዞርኩም። እሳቸውን ሁለተኛ የገደልኳቸው መሰለኝ።

ሥራ የለቀቅኩ ዕለት አለቃው አሮጌዎቹን መዝገቦች ጣያቸው አለኝ። ሁሉንም ጣልኩ፤ አንዱን ከሸክላው ሥር አድርጌ ይዤ ወጣሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ቀን ተቀመጠ። በአራተኛው ቀን እርሳስ ቀርጬ «በእኔ ትእዛዝ» የሚለው ላይ አንድ ቀጭን መስመር አሰመርኩ፤ እንዲነበብ አድርጌ። ከጎኑ «ያለ ትእዛዝ፣ በራሴ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ለሐኪሟም፣ ለእንቁላል አርቢውም ወስጄ ላሳየው ነው። ግን እርማት ያለ ምስክር አይቆጠርም። ያንን ነሐሴ በዓይኑ ያየ፣ በሕይወት ያለ ሰው አንድ ብቻ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ሄድኩ። እትዬ አስካለ ዛፉ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ቦርሳቸውን ሰበሰቡ፤ ለመሄድ ይሁን ቦታ ለመልቀቅ አልገባኝም። ቆሜ ተናገርኩ።

«እትዬ አስካለ፣ ያን ጊዜ ለዶሮ ነው ያልኩዎት ውሸት ነው። ለትል ነው። እኔ ትል ነው የማረባው። ሥራዬ እሱ ነበር።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ለትል?»

«ለትል።»

«የፍልሰታን ምግብ።»

«አዎ።»

አውቶቡስ አለፈ፤ ሌላም አለፈ። «የምስሩ ግማሽ ከራሴ ቤት ነበር» አሉ በመጨረሻ። «የማላውቃቸው ልጆች ሲበሉ እያሰብኩ ነበር የማማስለው። ማታ እንኳ ስተኛ አስባቸዋለሁ፤ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም። መልክ ሰጥቻቸው ነበር።»

ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኩ፣ እንባዬ መጣ። ስለ አቲሊዮም፣ ጡረታ ስለ መውጣቴም ነገርኳቸው። መዝገቡን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩና የሚፈረምበትን ቦታ አሳየኋቸው።

«ቪስቶ ያው አየሁ ነው?»

«አዎ።»

«እኔ ያየሁት ድስቱ ሲወጣ ነው። የት እንደገባ አላየሁም። ያላየሁትን አልፈርምም።»

«ያዩትን ብቻ ይጻፉ።»

መነጽራቸውን አወጡ። እርሳሱን ተቀብለው በዚያ ሙሉ በጣሊያንኛ በተጻፈ መዝገብ ላይ፣ ቀስ እያሉ፣ በአማርኛ ጻፉ። «ድስቱን የሰጠሁ እኔ ነኝ። ለሰው ብዬ ነበር። ሽማግሌው አላዘዘም፤ እሷ ናት የወሰደችው። አስካለ።» መዝገቡን ዘግተው መለሱልኝ፣ ተነሡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። ሁለት እርምጃ ሄደው ዞሩ።

«ጡረታ ወጣሁ ነው ያልሽኝ? ሥራ የለሽም ማለት ነው።»

«የለኝም።»

«ቫ ቤኔ፣ መልካም። ፍልሰታ ሲገባ ድስቱን ትሸከሚያለሽ። ሰላም ፓላስ ድረስ። እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ» አሉኝ። «በሩ ድረስ አይደለም፤ ሲበሉ እስካይ።»